ጥርት ብሎ ተሰምቶ የተሳሳተ መልእክት፦ አንድ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ከሬድዮ የተማረው

በአብራሪና በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መካከል ስለሚፈጠር አለመግባባት ሲነሳ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የሬድዮ ጫጫታን፣ የድምፅ መቆራረጥን ወይም ለጆሮ እንግዳ የሆነ የእንግሊዝኛ አነጋገርን ነው። እኔ ሥራውን በመቆጣጠሪያ ማማ ጀምሬ፣ በኋላም በራዳር ክፍል ወደ ማረፊያው የሚቀርቡ አውሮፕላኖችን በማስተናገድ ባሳለፍኩት ጊዜ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። ያልተሰማ መልእክት ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ያልሰማ ሰው ይደገምልኝ ይላልና። የሚያስፈራው ጥርት ብሎ የተሰማ፣ ነገር ግን ሰሚው አስቀድሞ ሲጠብቀው በነበረው ነገር ተተክቶ ወደ አእምሮው የገባ መልእክት ነው፤ ምክንያቱም ተናጋሪውም ሰሚውም ተግባብተናል ብለው ወደ ቀጣዩ ሥራቸው ያልፋሉ። ይህን የምጽፈው ሙያውን ገና ለሚጀምሩ ተቆጣጣሪዎችና አብራሪዎች ነው፤ በሥልጠና ክፍል የሚሰጠው ደንብ ለምን እንደዚያ እንደተደነገገ የሚገባው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ስለሆነ፣ ጥቂት አስቀድሞ ቢታወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከመሣሪያው ልጀምር። የአቪዬሽን የድምፅ ሬድዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ የሚሠራ ሲሆን፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የመናገሪያውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ቁልፉን እስኪለቅ ድረስ ሌላውን አይሰማም። ሁለት ሰዎች እኩል ከተጫኑ ሁለቱም መልእክታቸው የደረሰ ይመስላቸዋል፤ የተደራረበውን የሚሰማው ሦስተኛው ወገን ነው፣ እሱም የሚሰማው ብዙ ጊዜ ፉጨት መሰል ጩኸት ነው። ይህ ጩኸት ጆሮ ቢያደክምም ጠቃሚ ነው፤ ሬድዮው እስከ ዛሬ በኤኤም ስልት እንዲሠራ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በኤፍኤም ቢሆን ኖሮ ጠንካራው ሞገድ ደካማውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነውና ሁለተኛ ሰው መናገሩን ማንም ላያውቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ፉጨቱን የሰማ አብራሪ፣ ጉዳዩ እሱን ባይመለከተውም፣ ድምፅ መደራረቡን በአንዲት ቃል ቢያሳውቅ ትልቅ ውለታ ይውላል። እንዲህ የሚያደርጉ አብራሪዎች እንደምመኘው ብዙ አይደሉም።

የድምፅ መደራረብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያሳየው እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት፣ በሎስ ሮዴኦስ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ነው። ማኮብኮቢያው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከሁለቱ አንዱ የነበረው የኔዘርላንድሱ ኬኤልኤም ረዳት አብራሪ ከተነሱ በኋላ የሚከተሉትን መስመር የሚመለከት ፈቃድ ተቀብሎ መልሶ ካነበበ በኋላ፣ ለመነሳት ላይ መሆናቸውን የሚገልጽ ሐረግ ጨመረ፤ ሐረጉ ቦታችንን ይዘን እንጠብቃለን ማለት ነው ወይስ መንደርደር ጀምረናል ማለት ነው የሚለው ግልጽ አልነበረም። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» ብሎ ጥቂት ቆም አለና እስኪጠራቸው እንዲጠብቁ ነገራቸው። በዚያችው ቅጽበት የሌላኛው አውሮፕላን፣ የአሜሪካው ፓን አም፣ አብራሪዎች ገና በማኮብኮቢያው ላይ እየተጓዙ መሆናቸውን አስታወቁ። ሁለቱ ንግግሮች ተደራረቡና በኬኤልኤም ኮክፒት ውስጥ በግልጽ የተሰማው «ኦኬ» የሚለው ሆነ፤ የተከተለውን ጩኸቱ ዋጠው። የበረራ መሐንዲሱ ፓን አም ከማኮብኮቢያው ስለመውጣቱ ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ ግን ወጥቷል በሚል እርግጠኝነት መለሰለትና ጉዞው ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ሐረግ የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም የተሰጠው ሲሰረዝ ብቻ የሚነገር ሆኗል፤ በሌላ ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። በማማ ሳለሁ አለቃዬ የነበሩ ሰው ከዚህ አልፈው «ኦኬ» የሚለውን ቃል ከሬድዮ ንግግራችን ጨርሶ እንድናስወጣው ያደርጉን ነበር። ማቆም ወይም ማስጠበቅ የፈለግን እንደሆነ የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ቃል ከጥሪ ስሙ፣ ማለትም አውሮፕላኑ በሬድዮ ከሚጠራበት ስም፣ ቀጥሎ «ሆልድ» (ቆይ) እንዲሆን ያስገድዱን ነበር፤ መልእክቱ መሃል ላይ ቢቆረጥ እንኳ የሚደርሰው ክፍል አደጋ የሌለበት ይሁን የሚል ነበር ምክንያታቸው። በደንቡ መጽሐፍ በዚህ መልክ ያልተጻፈ ቢሆንም እስካሁን የምጠቀምበት ብልሃት ነው።

አሁን ወደ ራዳር ክፍሉ ልምጣ። አብራሪው የተቀበለውን ትእዛዝ መልሶ የሚናገርበትን ክፍል «ሪድባክ» እንለዋለን። ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ የግፊት መለኪያ ቁጥር፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን በራዳር ላይ የሚያሳውቅ መሣሪያ) ኮድ፣ እንዲሁም ወደ ማኮብኮቢያ መግባትን፣ መሻገርን፣ መነሳትንና ማረፍን የሚመለከት ማንኛውም ትእዛዝ የግድ ተመልሶ ይነበባል። ሰው የሚረሳው ግን የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት እኛ ጋ መሆኑን ነው፤ ተቆጣጣሪው የተመለሰለትን ካላዳመጠ አብራሪው መልሶ ማንበቡ ለሥርዓት ያህል ብቻ ይሆናል። በተጨናነቀ ሰዓት ደግሞ ለማዳመጥ የሚያስቸግረው ይህ ክፍል ነው፤ አብራሪው መልሶ እያነበበ ሳለ አእምሮ ለሚቀጥለው አውሮፕላን የሚሰጠውን ትእዛዝ ማዘጋጀት ይጀምራልና።

አንድ ምሽት የጥሪ ስማቸው በ427 እና በ472 የሚያልቅ፣ የአንድ ኩባንያ የሆኑ ሁለት አውሮፕላኖች እኔ ዘንድ ነበሩ። 427 ወደ 4,000 ጫማ እንዲወርድ ነገርኩት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ቁጥሩ ትክክል፣ አነጋገሩ ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። የጥሪ ስሙ ግን መጀመሪያው ተቆርጦ ነበር፤ ተናጋሪው ቁልፉ በደንብ ሳይያዝ መናገር ጀምሮ ኖሮ የመጨረሻዋ ቁጥር እንኳ በውል አልተለየችም። የበረራውን መከታተያ ወረቀት ብቻ ብመለከት ኖሮ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ነገሩን ያነቃብኝ ድምፁ ነው። 427 ሆና እስከዚያ ድረስ ያነጋገረችኝ ሴት ነበረች፤ አሁን የመለሰልኝ ሻካራ የወንድ ድምፅ ነው። ካፒቴኑ ሬድዮውን ተረክቧት ሊሆን ይችላል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን 472 በ7,000 ጫማ ላይ እንዲቆይ በሙሉ የጥሪ ስሙ ነግሬ፣ ቀጥዬ 427ን በድጋሚ ወደ 4,000 አወረድኳት። ራዳሩ ላይ 472 መውረድ ጀምሮ 6,800 ደርሶ ነበር፤ ከሥሩ በ6,000 ጫማ ሌላ አውሮፕላን ነበር። አብራሪው በጨዋነት ተመለሰ፤ ይጠብቅ የነበረው የመውረድ ትእዛዝ ስለነበር የመጣው ትእዛዝ የእሱ መስሎት ነበር።

ከዚህ የሚወሰዱ በሥራ ላይ የሚውሉ ነገሮች አሉ። ለአብራሪ፦ ቁልፉን ተጫኑ፣ ትንፋሽ ያህል ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ፤ የጥሪ ስማችሁንም አታሳጥሩ። ለተቆጣጣሪ፦ ተመሳሳይ የጥሪ ስም ያላቸው ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲገናኙ ለሁለቱም ወዲያው ንገሯቸው፤ ካስፈለገም በእናንተ ክልል ውስጥ እስካሉ ድረስ የአንዱን የጥሪ ስም መቀየር ትችላላችሁ፣ ደንቡ ይፈቅዳል። ተመሳሳይ ስሞቹ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚገናኙ ከሆነ ደግሞ ሪፖርት አድርጉ፤ ኩባንያዎች በቁጥር መጨረሻ ላይ ፊደል በማስገባት የሚፈቱት ችግር ነው።

መልሶ ማንበብን ለማዳመጥ እኔን የረዳኝ ብዕር ነው። ከፍታ ስሰጥ ቁጥሩን በበረራው የመከታተያ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ አብራሪው ሲመልስ የብዕሬን ጫፍ በጻፍኩት ቁጥር ላይ አሳርፌ፣ ቁጥሩን በጆሮዬ ከሰማሁ በኋላ ብቻ ምልክት አደርጋለሁ። ዛሬ በብዙ ቦታ ወረቀቱ በስክሪን ተተክቷል፤ ሆኖም ጣትን በስክሪኑ ቁጥር ላይ አቆይቶ መጠበቅ ይቻላል። ዋናው ነገር እጅ ከጆሮ እንዳይቀድም ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ የድምፁን ዜማ ሰምተው ምልክት ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ትክክል በሆነ ዜማ የተነገረ የተሳሳተ ቁጥር የሚያልፈው እንዲህ ነው።

ቁጥር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 የፍላይንግ ታይገር ንብረት የሆነ የጭነት ቦይንግ 747 ኩዋላ ላምፑር አቅራቢያ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ተቆጣጣሪው ያዘዘው ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርዱ ሲሆን የተናገረው ቁጥሩን በነጠላ ነጠላ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የ2 ቁጥር አጠራር «ወደ» ከሚለው መስተዋድድ ጋር አንድ ስለሆነ አብራሪዎቹ ወደ 400 ጫማ ውረዱ የተባሉ መሰላቸው። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው 400 ብለው መልሰው ማንበባቸውና ማንም አለማረሙ ነው። በሺህና በመቶ ለይቶ መጥራት፣ ከቁጥሩ አስቀድሞ ምን እንደሆነ፣ ማለትም ከፍታ ነው ወይስ አቅጣጫ ወይስ ፍጥነት የሚለውን መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። 250 የሚባል ቁጥር ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። 3ን «ትሪ»፣ 5ን «ፋይፍ»፣ 9ን «ናይነር» ማለት ለጀማሪ ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሬድዮው ጥሩ ሳይሆን ሲቀር «ፋይቭ» እና «ናይን» ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አንዴ የሰማ ሰው ሁለተኛ አይስቅም።

ለተቆጣጣሪዎች አንድ ልጨምር፦ በአንድ ንግግር ከሦስት በላይ ትእዛዝ አትጫኑ። እኔ እንደውም ሁለትን እመርጣለሁ። ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነትና የአዲስ ፍሪኩዌንሲ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ የተነገረው አብራሪ አንዱን ይጥላል፤ የጣለውን ደግሞ ከአእምሮው በሚመስል ነገር ይሞላዋል። ፈጥኖ መናገርም ጊዜ አይቆጥብም፤ አንድ «ድገሙልኝ» የተረፈውን ጊዜ መልሶ ይበላዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሪድባክ ትክክል ከሆነ ሰላም ነው የሚል ስሜት ሊያሳድር ይችላል። እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን፣ ለመነሳት በተራ አንደኛ መሆኑ ተነግሮት፣ ከማኮብኮቢያው በፊት እስካለው መቆሚያ ድረስ እንዲሄድ ታዘዘ። የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ትእዛዙን በትክክል መልሰው አነበቡ። ከዚያ ግን ወደ ማኮብኮቢያው ገብተው ቆሙ፤ በማረፍ ላይ የነበረ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 መጥቶ ገጫቸው። በኤርባሱ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ሲተርፉ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃው ስድስት ሠራተኞች አምስቱ ሞቱ። የተረፈው ካፒቴን ወደ ማኮብኮቢያው ለመግባት ፈቃድ እንደተሰጠው አምኖ ነበር። አፍ ትክክለኛውን ቃል መልሷል፤ አእምሮ የያዘው ሌላ ነበር። ከአደጋው በኋላ በጃፓን የተራ ቁጥሩን መናገር ለጊዜው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። እኔ በበኩሌ ከትእዛዝ ጋር የማይያያዝ መልካም ዜና በአንድ ንግግር ውስጥ መቀላቀልን አልወድም፤ ጆሮ የሚወደውን ይዞ ይሄዳል።

ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ከመሬት ብዙ ማድረግ አንችልም፤ መድኃኒቱ ያለው ኮክፒት ውስጥ ነው። ለትውውቅ በረራ በአብራሪዎቹ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀምጬ እንደሄድኩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ መውረጃው ስንቃረብ ትእዛዝ መጣ፤ ረዳት አብራሪው መልሶ አነበበና 5,000ን በከፍታ መምረጫው መስኮት ላይ አስገባ። ካፒቴኑ ጣቱን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ሲገባው ዝም አለ፤ እሱ የሰማው 6,000 ነበርና። ረዳቱ 5,000 ነው ብሎ ሊያስረዳው ጀመረ። ካፒቴኑ ክርክሩን አልገባበትም፤ ቁልፉን ተጭኖ ተቆጣጣሪውን ጠየቀ፤ መልሱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጣ፣ ረዳቱ ልክ ነበር። የወደድኩት ካፒቴኑ መሳሳቱን ማወቁን ሳይሆን አለመከራከሩን ነው። ሁለት አብራሪዎች ምን እንደተባለ መመካከር ከጀመሩ መልእክቱ አልተሰማም ማለት ነው፤ የሚያውቀው ሰው ያለው ሬድዮው ማዶ ነው። እኛ ተቆጣጣሪዎች በጥያቄ አንቆጣም። የሚቆጣ ካለም ቁጣው ከአንድ ሺህ ጫማ ልዩነት አይብስም።

አጠያየቁ ግን ብልሃት ይፈልጋል። አብራሪ ሲጠይቅ «5,000 ነው አይደል?» ካለ የደከመው ተቆጣጣሪ አዎን የማለት ዝንባሌ አለው፤ እኛም «5,000 ላይ ነህ አይደል?» ካልን እንዲሁ። መልሱን በጥያቄው ውስጥ ከማስቀመጥ «የተፈቀደልን ከፍታ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ መላሹ ቁጥሩን ራሱ ፈልጎ እንዲናገር ያስገድደዋልና። «ሮጀር» የሚለው ቃልም መቀበልን እንጂ መስማማትን ወይም እፈጽማለሁ ማለትን አያመለክትም፤ አዎን ወይም አይደለም ለሚያስፈልገው ጥያቄ «ሮጀር» የሚል መልስ ከመጣ ጥያቄው እንዳልተመለሰ ቁጠሩትና ድገሙ።

ስለ ቋንቋ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከእ.ኤ.አ. ማርች 2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በስድስት ደረጃ ከተከፈለው የቋንቋ ብቃት መለኪያ ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟሉ ደንግጓል። እንግሊዝኛን በትምህርት ላገኘነው ሰዎች የተለመደው የሬድዮ ሐረግ አያስቸግረንም፤ ፈተናው የሚመጣው ከሐረጉ ውጭ የሆነ ነገር ሲፈጠር፣ ጭስ ሲታይ፣ ተሳፋሪ ሲታመም፣ ነዳጅ ሲያጥር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ 052 በረራ በኒውዮርክ አቅራቢያ ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲጠብቅ ከተደረገ በኋላ ነዳጁ አልቆ ወድቆ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። አብራሪዎቹ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል፣ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑንም ተናግረዋል፤ የአደጋ ጥሪ የሚባለውን ቃል ግን አላሰሙም። ለተቆጣጣሪ ቅድሚያ መጠየቅ በየቀኑ የሚሰማ ነገር ነው።

ዛሬ ደንቡ ይህን ለይቶታል። አብራሪ «ሚኒመም ፊውል» ካለ ከዚህ በላይ ቢዘገይ ከመጨረሻው መጠባበቂያ ባነሰ ነዳጅ ሊያርፍ እንደሚችል ማሳወቁ ነው፤ ቅድሚያ አልጠየቀም። ከዚያ መጠባበቂያ፣ ማለትም ለጄት አውሮፕላን ከ30 ደቂቃ በረራ፣ ባነሰ ነዳጅ እንደሚያርፍ ካሰላ ግን «ሜይዴይ ፊውል» ማለት አለበት። ይሁንና ሰው ቃሉን ለማውጣት ያቅማማል፤ ይሉኝታም አለ፣ በኋላ የሚጻፍ ሪፖርትም አለ። አንድ ጊዜ በመጥፎ አየር ምክንያት ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንዱ አብራሪ ምን ያህል እንደሚቆይ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ነዳጁ ጥሩ እንዳልሆነ በለሆሳስ ተናገረ። «የአደጋ ጥሪ እያሰማህ ነው ወይ?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ሜይዴይ» አለ፤ ከፊቱ የነበሩትን አዙሬ አስገባሁት። በተዘዋዋሪ የሚናገር ሰው ስትሰሙ ቃሉን እናንተ ጠይቁት፤ ለማለት የከበደውን «አዎን» ብሎ ለመመለስ ይቀለዋል።

ሬድዮው ጨርሶ ዝም ሲልም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀላሉ ነው፦ የተሳሳተ ፍሪኩዌንሲ፣ የተቀነሰ ድምፅ፣ ተጭኖ የቀረ ማይክራፎን። ቀድሞ ወደነበረው ፍሪኩዌንሲ መመለስ፣ የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲ የሆነውን 121.5ን መሞከር፣ ካልሆነም ትራንስፖንደሩን የሬድዮ ብልሽትን በሚያመለክተው 7600 ኮድ ላይ ማድረግ ነው፤ ማማው አጠገብ ከደረሱ በኋላ የመብራት ምልክቶቹ አሁንም ይሠራሉ፣ ብልጭ ድርግም የማይል አረንጓዴ ማረፍን ይፈቅዳል፤ ብልጭ ድርግም የማይል ቀይ ደግሞ ለሌላ አውሮፕላን ቅድሚያ እንዲሰጥና መዞሩ እንዲቀጥል ያዛል።

በጽሑፍ የሚላከው ዳታ ሊንክ ይህን ሁሉ ያስቀረዋል የሚሉ ወጣት ባልደረቦች አሉኝ። በከፍታ ላይና በውቅያኖስ ላይ ለሚደረግ በረራ በእርግጥ ብዙ አቅልሏል፤ ቁጥር በጽሑፍ ሲመጣ ጆሮ የሚያጠፋው ነገር የለም። ወደ ማረፊያ ሲቃረቡ ግን ትእዛዙ በሰከንዶች ውስጥ መፈጸም ስላለበት ድምፅ ይቀጥላል። ጽሑፍም ቢሆን በሚጠበቀው ነገር መሠረት ይነበባል፦ እዚህ ነጥብ ላይ ስትደርስ ውጣ የሚል መልእክት የደረሰው አብራሪ ቅድመ ሁኔታውን ዘሎ ወዲያው መውጣት የጀመረባቸው ጊዜያት አሉ። በዚህ ረገድ የማያቸው ጥንቁቅ አብራሪዎች መልእክቱን ሁለቱም ለየብቻቸው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነቡታል፤ የመቀበያውን ቁልፍ የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው።